ሦስተኛው ስም፦ ስም፣ መልክና ቋንቋ ማንነታችንን ይናገራሉን?

ውድ አንባቢያን፣ ከአዲስ ሰው ጋር ስትተዋወቁ ስማችሁን ከነአባታችሁ ከነገራችሁት በኋላ ሰውዬው ገና ያልረካ መስሎ «የአያትህስ ማን ይባላል?» ብሎ ጠይቋችሁ ያውቃል? ጥያቄው የአያታችሁ ናፍቆት እንዳላመጣው ጠያቂውም ተጠያቂውም ያውቃሉ። ጠያቂው የሚፈልገው ስም ሳይሆን ብሔር ነው። የመጀመሪያው ስም አልነገረውም፤ የአባት ስም አጠራጠረው፤ ስለዚህ ሦስተኛውን ይጠብቃል።

ይህ ጥያቄ እኛን ወንጌላውያን አማኞችን በተለይ ሳያገኘን አይቀርም። ልጆቻችንን በረከት፣ ናታን፣ ኢዮስያስ፣ ኑኃሚን እያልን ስለምንጠራ ስሙ የወላጆችን እምነት እንጂ የትውልድ አገራቸውን አይናገርም። ወላይታ ሶዶ የተወለደው ናታንና ነቀምት የተወለደው ናታን በስማቸው አይለዩም። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለሌላው ግን እስኪፈታ ድረስ እንቅልፍ የሚነሳ እንቆቅልሽ ነው።

ለብዙ ዓመታት ይህን እንቆቅልሽ የቀበሌ መታወቂያ ይፈታው ነበር። «ብሔር» የሚል መስመር ነበረበትና። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ሁላችንም «ፋይዳ» የምንለው፣ የጣት አሻራችንን፣ የዓይናችንን ብሌንና የፊታችንን ምስል ይወስዳል እንጂ ብሔራችንን አይጠይቅም። መልካም እርምጃ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፣ መስመሩ ከካርዱ ላይ ቢነሣም ከልባችን አልተነሣም። ቀድሞ ካርዱ ይነግረን የነበረውን አሁን ከሰው ስም፣ ከፊቱና ከአነጋገሩ ለማንበብ እንሞክራለን። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፦ እነዚህ ሦስት ምስክሮች ይታመናሉን?

ሰፈራችን ምን ይላል?

ይህን የምጽፍላችሁ ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። እስቲ የክፍለ ከተማውን ስም ራሱን እንመልከት። «ነፋስ ስልክ» ሽቦ ለሌለው፣ በአየር መልእክት ለሚያስተላልፈው የጥንቱ ቴሌግራፍ አባቶቻችን ያወጡለት የአማርኛ ስም ነው። «ላፍቶ» ደግሞ የኦሮምኛ ቃል ነው፤ የግራር ዛፍ ማለት ነው። ጥቂት አለፍ ስንል መካኒሳ አለ፤ እርሱም በኦሮምኛ ብሳና የምንለው ዛፍ ነው። ጎፋ የተባለው ሰፈር ደግሞ ስሙ ከደቡቡ የጎፋ ሕዝብ ስም ጋር አንድ ነው። ከጀሞና ከለቡ ወጣ ብላችሁ ወደ ፉሪ ስትሻገሩ በሸገር ከተማ ውስጥ ናችሁ፤ የመሥሪያ ቤቱም ቋንቋ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ይለወጣል። ጠዋት በአንዱ በኩል አድሮ በሌላው በኩል የሚሠራ፣ በአንዱ ገበያ ገዝቶ በሌላው የሚያመልክ ሕዝብ ነው ያለው። በዚህ ሰፈር የሚወለድ ልጅ አንድ ስም፣ አንድ መልክና አንድ ቋንቋ ብቻ ይዞ ይደግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ስም ምን ይነግረናል?

በአገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል ከትውልድ ትውልድ የሚወርድ ስም የለንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም ይኖረዋል ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን እንደ ቀድሞው በራሱ ስም፣ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ስለዚህ እኛ ዘንድ ስም የዘር ማኅተም አይደለም። እያንዳንዱ ትውልድ እንደ ዘመኑ፣ እንደ እምነቱ፣ እንደ ተስፋው የሚያወጣው ነው። ወደ አሜሪካ የሄዱ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። ባል በአባቱ ስም፣ ሚስት በአባቷ ስም፣ ልጅም በአባቱ ስም ሲመዘገቡ በአንድ ቤት ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይገኛል፤ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊም እናትየዋን «በእርግጥ እናቱ ነሽን?» ብትል አይፈረድባትም።

አበበ ቢቂላን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው ሯጭ የራሱ ስም አማርኛ፣ የአባቱ ስም ኦሮምኛ ነው። «ቢቂላ» ቡቃያን፣ መብቀልን የሚያመለክት ስም ነው። አባት በቀለ፣ ልጅ አበበ እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ስም ብቻ የሰማ ሰው አንድ ነገር ይገምታል፤ ሁለተኛውን የሰማ ሌላ ነገር ይገምታል።

ነገር ግን ስለ ስም ስንናገር ሕመምም እንዳለበት መካድ የለብንም። በቀደሙት ዘመናት ብዙ የኦሮሞና የደቡብ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ክርስትና ሲነሡ ወይም ሥራ ሲቀጠሩ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ትተው የአማርኛ ወይም የግዕዝ ስም ይዘዋል። አንዳንዱ ወዶ፣ አንዳንዱ ተገድዶ፣ አንዳንዱም እንዳይሳቅበት ብሎ። ዛሬ ልጁን ቦንቱ ወይም ሮቤራ ብሎ የሚጠራ አባት ጠብ እየፈለገ አይደለም፤ ከአያቱ የተወሰደውን ለልጁ እየመለሰ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ረገድ የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ ብዙ ያስተምረናል። በኢሉባቦር ሲወለድ ስሙ ሂካ ነበር። በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ፤ በምጽዋ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ሲጠመቅም ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ባስታወሰው ባሪያ ስም ኦነሲሞስ ተባለ። በስም ብቻ ብንፈርድ ግሪካዊ ነው ልንል ነው። ይህ ሰው ግን ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ እ.ኤ.አ. በ1899 በኦሮምኛ ያሳተመ ነው፤ አስቴርም እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ የወጣች የኦሮሞ ልጅ ስትሆን የምትጠራው በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ነው። የሚገርመው ደግሞ «ሂካ» የሚለው የቀድሞ ስሙ ከመፍታትና ከመተርጎም ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። ስሙ ቢለወጥም ለሕዝቡ ያለው ፍቅር አልተለወጠም።

መልክስ?

«ፊቱን አይተህ ታውቀዋለህ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አፍንጫውን፣ ፀጉሩን፣ የቆዳውን ቀለም፣ ቁመቱን አይተው የየት አገር ሰው እንደሆነ ይነግሩናል። ሲሳካላቸው ይኩራራሉ፤ ሲሳሳቱ ግን ይረሱታል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት በፍልሰት፣ በንግድ፣ በዘመቻ፣ በጋብቻ፣ አሳዛኝ ቢሆንም በባርያ ፍንገላም ሲደባለቅ የኖረ ሕዝብ ነው። በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ «ሞጋሳ» የሚባል ሥርዓት ነበር፤ በሥጋ ያልተወለደ ሰው፣ አንዳንዴም ማኅበረሰብ በሙሉ፣ በጎሣው ውስጥ ገብቶ እንደ ተወለደ ይቆጠራል። ወሎን ወይም ሸዋን ያየ ሰው ደግሞ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ወንድማማቾች እንኳ በመልክ ሲለያዩ ያያል።

ቅዱሱ መጽሐፍም በመልክ መፍረድ እንደማያዋጣ ያሳየናል። የምድያም ካህን ሴቶች ልጆች ሙሴን ሲያዩት ለአባታቸው የነገሩት አንድ ግብፃዊ እንደረዳቸው ነው (ዘጸ. 2)። የእስራኤልን ነፃ አውጪ ግብፃዊ ነው አሉት፤ ያዩት አለባበሱንና ሁኔታውን ነበርና። ጳውሎስም በኢየሩሳሌም ሲያዝ የሮማው ሻለቃ አመፅ ያስነሣ ግብፃዊ መስሎት ነበር (ሐዋ. 21)። ጳውሎስ ለሻለቃው በግሪክኛ ሲናገር ሰውዬው ተገረመ፤ ወደ ሕዝቡ ዞሮ በዕብራይስጥ ሲናገር ደግሞ ሕዝቡ ጸጥ አለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው በመልኩ ግብፃዊ፣ በቋንቋው ግሪክ፣ እንደገናም በቋንቋው አይሁድ ተብሎ ተቆጠረ። በዚያ ላይ የሮም ዜጋ ነበር። ማንኛቸውም ብቻቸውን ጳውሎስን አልገለጹትም።

ቋንቋስ?

ከሦስቱ ጠንካራው ምስክር ቋንቋ ይመስላል። ቋንቋ በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው፤ እናት ለልጇ የምታወርሰው ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩን እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 47 በመቶው አማራ፣ 19.5 በመቶው ኦሮሞ፣ 16.3 በመቶው ጉራጌ፣ 6.2 በመቶው ትግራዋይ መሆኑን ተናግሯል። የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲጠየቅ ግን 71 በመቶው አማርኛ ነው አለ፤ ኦሮምኛ ያለው 10.7 በመቶ፣ ጉራግኛ ያለው 8.4 በመቶ፣ ትግርኛ ያለው 3.6 በመቶ ብቻ ነበር።

ይህን ልዩነት አስተውሉት። በትንሹ ከአራት የከተማችን ነዋሪዎች አንዱ ገደማ አማርኛን በአፉ ፈትቶ አማራ አይደለሁም ያለ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ዋሽተዋልን? አልዋሹም። ቋንቋው ከአፋቸው ጠፍቷል፤ የአባታቸው ቤት፣ የለቅሶና የሠርግ ደንባቸው፣ የወገን ስሜታቸው ግን አልጠፋም። «ቋንቋውን ካልቻልክ ከእኛ አይደለህም» የሚላቸው ሰው፣ አባቶቻቸው ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ መግባታቸውን እንደ ወንጀል እየቆጠረባቸው ነው። በሌላ በኩል ጅማ ወይም አዳማ አድጎ ኦሮምኛን አቀላጥፎ የሚናገር የጉራጌ ነጋዴ ልጅ አለ፤ እርሱንም በአነጋገሩ የሰማ ሰው ይሳሳታል።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም

ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ወገኖቻችን ቅጽ ሲሞሉ «ሂስፓኒክ ነህን?» የሚል ጥያቄ ያገኛሉ። ቃሉ ከስፔንኛ ተናጋሪ አገሮች የመጡትንና ልጆቻቸውን የሚመለከት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 62 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አዎን ብለዋል። እነዚህ ሰዎች በምን ይታወቃሉ? በስም እንዳንል፣ በፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ1849 የስፔን ገዥ የነበረው ክላቬሪያ ባወጣው ትእዛዝ ሕዝቡ ከዝርዝር እየመረጠ የስፔን ስም ስለያዘ፣ ዛሬ የስፔን ስም ያላቸው እጅግ ብዙ እስያውያን አሉ። የቺሊ የነፃነት አባት ደግሞ ኦሂጊንስ የሚባል የአየርላንድ ስም ነበረው። በመልክ እንዳንል ነጭም፣ ጥቁርም፣ ቀይ ሕንድም፣ ከጃፓን የመጣም አለባቸው። በቋንቋ እንዳንል፣ ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት ከአዋቂዎቹ 24 በመቶው ስፔንኛ እምብዛም ወይም ፈጽሞ እንደማይችሉ ተናግረዋል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሆኑት በገዛ ወገኖቻቸው ስለዚህ ነገር ተሸማቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ የአሜሪካ ቆጠራ ለሰውዬው ራሱ ይተወዋል፤ ነኝ ያለ ነው፣ አይደለሁም ያለ አይደለም።

በወረቀት ላይ ይህ ቢሆንም በጎዳና ላይ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በሎስ አንጀለስ የስደተኞች ጉዳይ ፖሊሶች ሰዎችን በመልካቸው፣ ስፔንኛ በመናገራቸው፣ በሥራቸው ዓይነትና በተገኙበት ስፍራ ብቻ እንዳያስቆሙ አንዲት ዳኛ አግደው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2025 እገዳውን አነሣው። ቆጠራው የሚያከብረውን የሰው ቃል ፖሊሱ በዓይኑና በጆሮው ይተካዋል ማለት ነው።

ምልክቱ መሣሪያ ሲሆን

ወገኖቼ፣ ይህ ጉዳይ በእኛ አገር የጨዋታ ርዕስ አይደለም። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በማይካድራ በተፈጸመው ጭፍጨፋ የሰዎች መታወቂያ እየታየ ትግራዋይ ያልሆኑት እንደተለዩ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ በአዲስ አበባ የተፈጸሙት እስራቶች በብሔር ላይ የተመሠረቱ እንደሚመስሉ ይኸው ኮሚሽን አስታውቋል፤ በዚያን ጊዜ በከተማችን በስሙና በአነጋገሩ ትግራዋይ የሆነ ሁሉ ስልክ በትግርኛ ለማናገር ፈርቶ ነበር። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ቶሌ አማሮች በማንነታቸው ተጨፍጭፈዋል። ኦሮሞም፣ ጉሙዝም፣ ሌላውም የራሱን መቃብር ይቆጥራል። ሟቾቹ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚያምኑ፣ ምን እንደሠሩ የጠየቃቸው አልነበረም።

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ይህን አስቀድሞ አሳይቶናል። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር። «ሲቦሌት» ያለ የኤፍሬም ሰው ነውና ይታረዳል። በአንዲት ፊደል 42,000 ሰው ወደቀ። የሚያሳዝነው ሁለቱም የአንድ አባት የያዕቆብ ልጆች መሆናቸው ነው። እኛም ዘንድ የሰውን የቃል አወጣጥ ሰምቶ መሳቅ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሳቁና ሺቦሌቱ አንድ ጆሮ ነው የሚጠቀሙት። በሰላሙ ቀን ለቀልድ የለመደው ጆሮ በክፉ ቀን ለፍርድ ይውላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንዳንድ ወገኖች የሚሰጡት መልስ «ብሔር የሚባል ነገር የለም፤ ሁላችን አንድ ነን» የሚል ነው። ይህ መልስ መልካም ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስሙ ተቀይሮ የማያውቅ፣ ቋንቋው ተስቆበት የማያውቅ ሰው ነው። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን የግሪክኛ ተናጋሪዎች መበለቶች በዕለታዊው አገልግሎት ሲረሱ ሐዋርያት «ሁላችን አንድ ነን፤ ዝም በሉ» አላሉም (ሐዋ. 6)። አቤቱታውን ሰምተው ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ የተመረጡትም ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው ነበሩ። አንድነት የተበደለውን ዝም ማሰኛ ሲሆን አንድነት መሆኑ ይቀራል።

ሌላው ስሕተት ደግሞ የሌላውን ሰው ማንነት እኔ ልወስንለት ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ እንኳ በአንቀጽ 39 ብሔርን ሲተረጉም ባህልን፣ ቋንቋን፣ አብሮ መኖርን ይጠቅሳል፤ ከዚያም ሰዎቹ ራሳቸው የጋራ ማንነት አለን ብለው ማመናቸውን ይጨምራል። ደም፣ የቆዳ ቀለም፣ የአያት ስም የሚል የለበትም። እንዲህም ሆኖ ለአንድ ሰው አንድ መልስ ብቻ እንዳለው አድርገን ስለምንጠይቅ፣ አባቷ ከአምቦ እናቷ ከደሴ የሆነች፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያደገች ልጅ አንዱን ወላጇን እንድትክድ እያስገደድናት ነው። የ1999ኙ ቆጠራ ከተካሄደ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አራተኛውም በ2011 ዓ.ም. ተላልፏል። ቆጣሪዎቹ በራችንን የሚያንኳኩ ቀን እንደዚህች ያለችው ልጅ ሁለቱንም ወላጆቿን ብትጠራ የሚጽፍ እጅ ያስፈልጋታል። የሚመለከታቸው ክፍሎች ከአሁኑ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ከእኛ ግን የሚጠበቀው ቀለል ያለና በእጃችን ያለ ነው። ሰው ስሙን ሲነግረን በነገረን ስም እንጥራው፤ ሦስተኛውን ስም አንጠብቅ። በአባልነት መዝገባችን ላይ የኦሮሞውን፣ የሲዳማውን፣ የሐዲያውን ስም በጆሯችን እንደመጣልን ሳይሆን ባለቤቱ እንደሚጠራው ጠይቀን እንጻፈው። «አትመስልም» የሚለውን ቃል ከአንደበታችን እናውጣ፤ ምስጋና መስሎን የምንናገረው ብዙ ጊዜ ስድብ ነው። ቤት ስናከራይ፣ ሰው ስንቀጥር፣ ልጃችንን ስንድር የምንመረምረው የሰውየው ጠባይና ሥራ ይሁን። በእኔ አገልግሎት ልጆቻቸው ለጋብቻ ተዘጋጅተው ሳለ «ወገኑ ማነው?» በሚል ጥያቄ ብቻ ቤተሰብ ሲታመስ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ቤተሰቦች አማኞች ነበሩ።

በከተማችን በአንድ አዳራሽ በአንዱ ሰዓት በአማርኛ፣ በሌላው ሰዓት በኦሮምኛ የሚያመልኩ ጉባኤዎች አሉ። ይህ መከፋፈል ነው ብለው የሚያዝኑ አሉ። አሮጊቷ እናት በተወለዱበት ቋንቋ ቃሉን ቢሰሙ ምን ክፋት አለው? በበዓለ ሃምሳ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ሰማ እንጂ ሁሉም አንድ ቋንቋ አልተናገረም። ክፋቱ የሚመጣው በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ የሚገባውን ሰው ፊት አይቶ «የእናንተ ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው» ማለት የጀመረ ቀን ነው። ያን ቀን የዮርዳኖስ መሻገሪያ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተተክሏል ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የመታወቂያውን መስመር መንግሥት አንሥቶታል። የዓይንና የጆሮውን መስመር ግን ማንም አዋጅ አውጥቶ አያነሣልንም። ያ የእያንዳንዳችን ሥራ ነው። ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።